ሴት ርቦን

ዛሬ ጠዋት ሰናፍጭ ስወቅጥ ነበር። የጾሙ የመጀመሪያ ማሰሮ ስልጆ ሊያልቅብኝ ስለሆነ ለሁለተኛው ነው፤ ጉልበቴ ደክሟል፣ ግን ተፈጭቶ የሚሸጠውን እጄ አይቀበለውም። ሙቀጫውን በእግሮቼ መሀል አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ደጅ አዙሬ ስደቃ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታው ተነሥቶ ዐይኔን አስለቀሰው፤ የልጅ ልጄ ሰላም ደግሞ ከጓዳ ሆና ከስልኳ ጋር ታወራ ነበር። ልትጠይቀኝ መጥታ ነው እንጂ ባሕር ዳር የሆቴል መስተንግዶ ትማራለች፣ ከእንግዳ ጋር የሚባባሉትን ሁሉ በፈረንሳይኛ ያስጠኗቸዋል፤ ስልኩ ይላል፣ እሷ ትደግማለች፣ ይላል፣ ትደግማለች። እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም ነበር። አንድ ጊዜ ግን ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ጥርት ባለ ድምፅ «ሴ ትሬ ቦን» አለች፣ እኔም ዘነዘናውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ሰላም ወጥታ፣ ምን ሆኑ እማማ፣ ሰናፍጩ ዐይንዎ ገባ ወይ አለችኝ። ያንን ነገር እስቲ ድገሚው አልኋት። ደገመችው። ትርጉሙን ልትነግረኝ ስትጀምር ተቀበልኋትና፣ አውቀዋለሁ፣ ምግብ ሲጥም የሚባል ነው፣ በእኛ እጅሽን ይባርከው እንደ ማለት ነው፣ የወተት ጥርሴ ወልቆ ሳያልቅ የማውቀው ነው አልኋት። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ፊደል ያልቆጠረች አያቷ ይህን ከየት አመጣችው ብላ ነው። እንግዲያው ደብተርሽን አምጪ፣ እኔ ልንገርሽ አንቺ ጻፊው፣ በበደል የጀመረ ነገር ነውና ሳላስጽፈው አልሞትም አልኋት።

አባቴ የሞተው በክረምት ነው። የምናርሰው መሬት ቡሬ ከተማ የምትቀመጥ የአንዲት ባለ ርስት ሴት ነበር፤ እሜቴ የሺመቤት ይሏታል፣ ባሏ የሞተባት፣ ረዥም፣ ቀይ፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ ሴት። በሕይወቷ እርስዎ እላት ነበር፤ በወረቀት ላይ ግን እሷ ናት፣ እንዲያው ጻፊያት። አባቴ በተቀበረ በወሩ መሬቱ ለሌላ አራሽ ተሰጠና፣ እናቴ እኔን በእጇ ይዛ፣ በዚያ የሐምሌ ጭቃ ስንዳክር ውለን፣ እሜቴ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ገባች። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ስምንትም ይሆናል፣ የጻፈው የለም። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ የወጥ ቤቱን ሣር ክዳን ሲደበድበው፣ እናቴ ባቄላ ስትከካ፣ ሱፍ ወቅጣ በነጠላ ስታጠል፣ እኔ ምድጃው ሥር ተኮራምቼ እሳት እያነደድሁ እጇን አይ ነበር።

የእናቴ እጅ ይጥም ነበር። ስልጆ እንደሆነ ማንም ሴት የምትሠራው ነው፤ የባቄላው ዱቄት በሱፉ ውሃ ይገነፋል፣ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ከዚያ ከማሰሮው ሥር በተረፈው አሮጌ እርሾ ተብላልቶ ይበላል፤ ሌላ ነገር የለውም። የእናቴ ግን ሌላ ነበር። እርሾውን ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ ያገኙት ነው፣ አባቴ ሲሞት ከቤታችን ይዘን የወጣነው እሱንና የለበስነውን ብቻ ነው። እሜቴ ቤት በገባን በዓመቱ ውስጥ፣ የሺመቤት ስልጆ የሚባል ነገር በቡሬ ስሙ ወጣ። ልብ በይ፣ የሺመቤት ስልጆ።

የእኔ ሥራ እንግዳ ማስታጠብ ነበር፤ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዤ በመጋረጃው ጥግ ስለምቆም ሁሉን አይ ነበር። እንግዶቹ በልተው ሲጠግቡ «እጅሽን ይባርከው» ይሏታል፣ እሷም ቀለበት ያለበትን እጇን ከኩታዋ ብቅ አድርጋ «አሜን» ትላለች። ያ እጅ ሰናፍጭ ነክቶት አያውቅም። የእናቴ እጅ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ተሰነጣጥቆ፣ ሰናፍጩ አንገብግቦት፣ ምርቃቱ ሳይደርሰው ይቀር ነበር። ልጅ ነኝና ምርቃት እንደ እህል የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ አንዱ ከወሰደው ለሌላው የማይተርፍ፤ እና እሜቴ የእናቴን ምርቃት በየግብዣው በጠራራ ፀሐይ ስትሰርቅ አይቼ፣ ለማን እንደሚነገር ጠፍቶኝ፣ ውሃዬን አፈስ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ፈረንጆቹ መጡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ፈረንሳዮች፤ ሰውየው ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክሎ በአንድ ዐይኑ እያየ መንገድ የሚወጣበትን ይለካ ነበር። እሜቴ ከግቢዋ ዳር ያለውን ቆርቆሮ ቤት ሰጠቻቸው። ጋሼ ፈለቀ የሚባል ሳቂታ የአዲስ አበባ ሰው አስተርጓሚያቸው ነበር፤ እሱ ሰውየውን በፈረንጅ አፍ ጌታዬ ለማለት ሙሴ፣ ሙሴ እያለ ስለሚጠራው የቡሬ ሰው፣ ስሙ ሙሴ ከሆነማ የእኛው ነው ብሎ ወደደው፤ ሚስቱን ማዳም አልናት። እኔ ለማዳም ውሃ እንድቀዳ ታዘዝሁ፣ ደስም አለኝ፣ ምክንያቱም ስጠራት ዞር ብላ የምታየኝ ትልቅ ሰው ከእናቴ ሌላ እሷ ብቻ ነበረች።

ለኅዳር ሚካኤል እሜቴ ዝክር ደገሰች። እናቴ ሦስት ቀን ጎንበስ ብላ ሠርታ፣ ያን ቀን እንግዶቹ በልተው ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው ይህን የሠራ እጅ ይባረክ ቢሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ ናት። ረስታው ይሁን አስባበት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንግዶቹ፣ ወጥ ቤቱም አሜን ይላል ብለው ሳቁ፣ እሜቴም አብራ ሳቀች። ሰው ሲሄድ ግን ወጥ ቤት ገብታ፣ ማማሰያውን ከድስቱ አውጥታ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ «የተባረከው የትኛው ነው?» ብላ የእናቴን ቀኝ እጅ መታችው። ትንሿ ጣቷ ተሰብራ እንደ ማጭድ ጎብጣ ቀረች። የእሜቴ ልጅ ብርቄ፣ የእኔ እኩያ፣ በሩ ላይ ቆማ የድስት ፍቅፋቂ ስትልስ ነበር፤ አይታለች። እናቴ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ማማሰያውን ከመሬት አነሣች። እኔም አላለቀስሁም፤ ያችን ጣት እያየሁ፣ አንድ ቀን እከፍልሻለሁ አልሁ በሆዴ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከየትም አልሰማሁትም፣ እንዲሁ መጣልኝ።

የካቲት ላይ ጾሙ ገባ። ማዳም ወጥ ቤት መግባት ትወድ ነበርና አንድ ቀን እኔን ተከትላ ብትመጣ፣ እናቴ ስልጆውን በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ሰናፍጩ አናቷ ላይ ወጣ፣ እንባዋ ጠብ ጠብ አለ፣ ዐይኗን ጨፍና «ሴ ትሬ ቦን» አለች። እናቴ ክው አለች።

«ሴት ርቦን ነው የምትለው? ውይ፣ እኔ ልሙትላት» ብላ የጡጫ ያህል ጉርሻ ጨመረችላት።

ማዳም ዋጥ አድርጋ ያንኑ ደገመች፣ እናቴም ጉርሻውን ደገመች፣ ማዳም መተንፈስ እስኪያቅታት ድረስ። ጋሼ ፈለቀ ደርሶ ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ ርቦን አይደለም፣ እጅግ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፣ በእኛ እጅሽን ይባርከው ነው አላት። እናቴ ቀና አለች። በሩን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ከዚያ የጎበጠች ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በጣም ቀስ ብላ «አሜን» አለች። እኔ ያንን ቃል ያን ቀን ያዝሁት፤ ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ ሴ ትሬ ቦን፣ ሴ ትሬ ቦን እያልሁ እውል ነበር።

የደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እሜቴ ምስለኔውንና የነፍስ አባቷን ከሙሴና ከማዳም ጋር ጠራች፤ ፈረንጅ ከማዕዴ በላ ለመባል ነው። ሌሎቹ ካህናትና የሰፈሩ ሰው በሁለተኛው ዙር ሊበሉ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ፈለቀ ደብረ ማርቆስ ሄዶ አልተመለሰም፤ እሜቴ ግን፣ ምን ቸገረኝ፣ ያች ልጅ ከማዳም ጋር ስትውል ቃል ለቅማለች፣ እሷ ትነግረኛለች አለች። እኔን ነው።

አስታጠብኋቸው፣ ተቀመጡ፣ ስልጆው ቀረበ። ሙሴ ጠቅልሎ ጎረሰ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ እንባውን ጠረገ፣ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እሜቴ ጎንበስ ብሎ «ሴ ትሬ ቦን» አለ። የነፍስ አባቷ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ፣ ምስለኔው ጣራ ጣራ አየ። በእኛ አገር እንግዳ ሆዱ ከጀርባው ቢጣበቅ እንኳ ጠገብሁ ነው የሚል፤ ደግሞ ባለ ርስቷን እሜቴን በምስለኔ ፊት ሴት ብሎ መጥራት። ሁሉም የሰሙት እንዲያ ነው፤ ሴት፣ ርቦን። እሜቴ በዐይኗ ጠርታ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ምን አለ?» አለችኝ።

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ይህን ካልሁ ግን ያ ባለ ቀለበት እጅ ከኩታው እንደሚወጣ፣ አሜን ተብሎ ያም ምርቃት እንደሚወሰድ አወቅሁ። በመጋረጃው ክፍተት እናቴ ማሰሮውን አቅፋ ቆማ፣ ያች ማጭድ ጣቷ ብቻ ታየችኝ።

«ርቦናል ነው የሚሉት፣ እሜቴ» አልሁ።

እሜቴ ራሷ ተነሥታ ጨመረችለት፣ በሞቴ ብላ፣ አፈር ስሆን ብላ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ የቀረበለትን አይተውም፤ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ጨረሰና አሁንም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያንኑ አለ፤ ማዳምም አብራው አለች። አሁንም ወይ ብትለኝ፣ አሁንም እሜቴ፣ እንዲያውም አሁን ሁለቱም ናቸው አልኋት። ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛው መጣ። በአምስተኛው ሙሴ ፊቱ ያለውን እንጀራ በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደሚለምን ሰው «መርሲ፣ መርሲ» አለ። እሜቴ ዞረችብኝ። ይህን ቃል ማዳም ውሃ ባመጣሁላት ቁጥር ስለምትለኝ አውቀዋለሁ፣ ግን ሳላስብ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ምስር ነው የሚሉት፣ እሜቴ።»

የምስሩ ድስት መጣ። ሙሴ ድስቱን ሲያይ ወደ ሚስቱ ዞሮ ያያት አስተያየት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ብርቄ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ እኔን ትኩር ብላ ታየኝ ነበር፤ እኔም አፍጥጬ አየኋት።

ስልጆው አለቀ፣ ምስሩ አለቀ፣ ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ካህናትና ጎረቤት በባዶ እንጀራና በሽሮ ጥራጊ ተሸኙ። ምስለኔው ኩታውን አስተካክሎ ሲነሣ፣ የሺመቤት፣ አንቺ እንግዳ አስርበሽ አታውቂም ነበር አላት፣ እንደሚያዝን ሰው አድርጎ። ወጡ። ያን ቀን አንድም ሰው እጅሽን ይባርከው አላላትም። ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ ጠበቅሁ፣ አንድም የለም። የምትሰርቀው አጣች።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ፈለቀ ተመለሰ። እሜቴ፣ እነዚህን ሆዳሞች ከቤቴ አውጣልኝ፣ በሰው ፊት ሴት ርቦን እያሉ አዋረዱኝ አለችው። ሰውየው ሳቁን መያዝ አቅቶት መሬት ተቀመጠ፤ እሜቴ፣ ምግቡ እጅግ ጥሩ ነው ነው እኮ ያሉት፣ እጅዎን ይባርከው ነው ያሉት አላት። እኔ ከማጀቱ በር ሆኜ አይና እሰማ ነበር። ስንት ጊዜ ተመርቃ ስንት ጊዜ ምርቃቷን እንደመለሰች ስትቆጥር ፊቷ ላይ አየሁት፣ ያን ፊት በምንም አልለውጠውም። ከዚያማ አለንጋ መጣ፣ እናቴ በላዬ ተኝታ የእኔን እሷ ተመታች፣ አሁኑኑ ከግቢዬ ውጡ ተባልን። ሙሴና ማዳም ሥራ ወጥተው ነበር፣ አልተሰናበትናቸውም።

እናቴ ከመውጣታችን በፊት፣ ዕቃ ሳላጥብ አልሄድም አለች። እንደ ጥሩ ሠራተኛ የስልጆውን ማሰሮ በፍል ውሃ አጠበችው፣ በእንዶድ ፈተገችው፣ በወይራ አጥና በቦታው ደፋችው። ለራሷ ጭብጥ የምታህል እርሾ በቅል አድርጋ ከነጠላዋ ሥር ይዛለች። በዚያ ማሰሮ ከዚያ ወዲያ ስልጆ ወጥቶላት አያውቅም፣ ሰው ሁሉ የነገረን ነው። እኔ ክፉ አፍ ነበረኝ፤ እናቴ ግን ምንም ክፉ ሳትናገር፣ ማሰሮ አጥባ ብቻ ሄደች፤ የእሷ ይበልጣል።

ወደ ፍኖተ ሰላም በእግራችን ወጣን። ማንኩሳ ሳንደርስ ጉልበታችን አለቀ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። እናቴ ከመንገዱ ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጣ፣ ጀርባዋ ከአለንጋው አብጦ፣ ለምን ዋሸሽ ብላ ጠየቀችኝ። ጣቷን አሳየኋት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ታለቅሳለች ብዬ ቀና ብል ትስቃለች፣ አባቴ ከሞተ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ይኸው ማሪቱ» አለችኝ፣ «አሁን እኮ በእውነት ሴት ርቦን።»

ፍኖተ ሰላም ሠርታ አሳደገችኝ። በጾም ስልጆዋን ገበያ ይዛ ትወጣ ነበር፣ ሰው ቀምሶ እጅሽን ይባርከው ሲላት እስከ ላህ ወንዝ በሚሰማ ድምፅ አሜን ትል ነበር። ነፍሷን ይማር፣ በእኔ ቤት፣ በገዛ ምድጃዋ አጠገብ ሞተች።

ደርግ መጥቶ መሬቱ ሲወረስ የየሺመቤት ቤት ተበተነ። አዘንሁ ብዬ አላስጽፍም። ብርቄ ዞራ ዞራ እዚሁ ፍኖተ ሰላም መጣች፣ ልጇ ከእኔ አጥር አጠገብ ቤት ሠራላት፣ ይኸው ሁለታችንም አርጅተን በአንድ በር እንደ መውጣት ነው። በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ ከስልጆዬ እወስድላታለሁ። ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፤ እንዳትረሳ ነው። እሷም በየዓመቱ ቀምሳ፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ፣ የእናቴን ይመስላል ትለኛለች። የእናቴን! የነፍስ አባቴ ይቅር በያት ይሉኛል፤ ማማሰያውን ይቅር ብያለሁ አባቴ፣ ይህችን ቃል ግን አልችልም እላቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ምርቃት የሚሰጠው ዐይን ለዐይን እየተያዩ ነበር፣ የሚሰረቀውም እንዲሁ። አሁን ሰላም የምትለኝን ስሰማ፣ በሆቴሉ እንግዳው ሴ ትሬ ቦን ሲል አስተናጋጇ ፈገግ ብላ መርሲ ትላለች፤ ጥሩ፣ ያማረ ነው። ያበሰለችውስ የት ናት ብላት፣ እማማ እሷማ ከግድግዳው ጀርባ ናት አለችኝ። መጋረጃው ግድግዳ ሆኗል ማለት ነው፣ ሌላው ያው ነው። እንግዲያው አንቺ ስትሠሪ፣ እንግዳ ያንን ቃል ባለ ቁጥር ሄደሽ ለወጥ ሠሪዋ ንገሪያት፣ አሜን ማለት ያለባት እሷ ናት አልኋት። እሺ ብላለች።

ከሰዓት በኋላ ከፊተኛው ማሰሮ የተረፈውን በሳህን አድርጌ ሄድሁ። ብርቄ ደጇ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሁሉን አስጽፌዋለሁ አልኋት፤ ማማሰያውንም፣ አሜኑንም፣ ምስሩንም። በጣቷ ቀመሰች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ቆየች። እኔ የለመድሁትን ቃል እየጠበቅሁ ጥርሴን ነክሻለሁ። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሰናፍጭ አብዝተሽበታል ማሪቱ» አለችኝ። «የእናትሽ እንዲህ አልነበረም።»